የእልፍኝ ሙዚቃ በሰው ሀገር፦ አዲስ ሥራዎችን የያዘ ምሽት እንዴት ይታቀዳል?

በሆላንድ የሐበሻ ሙዚቃ ሲነሣ ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን የቅዳሜ ሌሊት ጭፈራ፣ ኪቦርድና እስክስታ ነው። ያም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ሲሠራ ለከረመ ስደተኛ ትከሻን ማፍታታት እንደ መድኃኒት ነው። በሆላንዳውያኑ ዘንድ ደግሞ ስማችን የሚነሣው ባብዛኛው ከሳክስፎንና ከኢትዮ-ጃዝ ጋር ነው። የአምስተርዳሙ «ዘ ኤክስ» ባንድ ታላቁን የሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያን ጋብዞ በ2006 ከእርሳቸው ጋር «ሞአ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም ማውጣቱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ነገር ግን ሦስተኛ ዓይነት ሙዚቃም አለን። በኖታ የተጻፈ፣ ጸጥ ተብሎ ተቀምጦ የሚደመጥ ሙዚቃ። ይህ ጽሑፍ ስለ እርሱ ነው።

እኔ መተዳደሪያዬ ሌላ ነው። ሆኖም ላለፉት ጥቂት ዓመታት ከጥቂት ወዳጆቼ ጋር ሆኜ በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዴን ሃግ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ምሽቶችን አዘጋጃለሁ። ከሌሎች ከተሞች «እኛም ልንሞክረው እንፈልጋለን፣ ከየት እንጀምር?» የሚሉ ጥያቄዎች ስለሚደርሱኝ፣ የምናውቀውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ አሰብኩ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን በቅድሚያ ልግለጽ።

ነገሩ ምንድን ነው?

ቻምበር ሙዚቃ ማለት ቃል በቃል የእልፍኝ ሙዚቃ ማለት ነው። ከሁለት እስከ ዘጠኝ አሥር የሚሆኑ ተጫዋቾች፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድርሻ ይዘው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ መሪ፣ እየተያዩና እየተደማመጡ የሚጫወቱት ነው። በኦርኬስትራ ውስጥ አንድ ቫዮሊን ቢሳሳት ከጎኑ ያሉት ይሸፍኑለታል። በእልፍኝ ሙዚቃ ግን መሸፈኛ የለም። ለእኛ እንግዳ አይደለም ለማለት እደፍራለሁ። አንድ ማሲንቆና አንድ ድምፅ ከአድማጭ አፍንጫ ሥር ሆነው ሲቀባበሉ ያየ ሰው የእልፍኝ ሙዚቃን ምንነት ያውቀዋል።

አዲስ ሥራ የምንለው ደግሞ ደራሲው በሕይወት ያለ፣ ብዙ ጊዜም ለዚያው ምሽት ተብሎ የተጻፈ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ነው ጭንቀቱ የሚመጣው። ትኬት የሚገዛው ሰው ምን እንደሚሰማ አያውቅም፣ ተጫዋቹም እስከ መጨረሻው ልምምድ ድረስ እርግጠኛ አይደለም፣ አዘጋጁ ግን ከዓመት በፊት አዳራሽ መያዝ አለበት።

በእጃችን ምን አለ?

«ኢትዮጵያውያን ለእንዲህ ያለ መድረክ የሚሆን ምን ጽፈዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ነው። መልሱ ከሚገመተው በላይ ሀብታም ነው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ ዐረፉ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ውስጥ ታትሞ ገቢው ለችግረኞች እንዲውል ተደርጓል። ዓለም በሰፊው ያወቃቸው ግን በ2006 «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ 21ኛው አልበም ነው። የፒያኖ ሥራዎቻቸው አጫጭር ስለሆኑ በፕሮግራም ውስጥ ለማስገባት ምቹ ናቸው። ሁለቱንም ወገን፣ ሐበሻውንም ሆላንዳዊውንም፣ በአንድ ጊዜ ዝም የሚያሰኙ ናቸው።

ግርማ ይፍራሸዋ በ1967 የተወለደ የፒያኖ ሰው ነው። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተነሥቶ በቡልጋሪያ ሶፊያ ተምሯል። በ2014 በወጣው አልበሙ ውስጥ «አምባሰል»፣ «ሰመመን» እና «እልልታ» የተሰኙ ሥራዎቹ ይገኛሉ። የእርሱ ፒያኖ የአውሮፓን ኮንሰርት መድረክ ቋንቋ አጥርቶ ስለሚናገር፣ ከታወቁ የአውሮፓ ሥራዎች ጎን ሲቀመጥ ማንም «ይህ ምን ሊያደርግ መጣ?» አይልም።

የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ (1938-1998) ደግሞ የሙዚቃ ሊቅም ደራሲም ነበሩ። «ኮቱራሲያ» በተሰኘ ሥራቸው የጃፓኑን ባለ አውታር መሣሪያ ኮቶን ከምዕራባውያን መሣሪያዎች ጋር አገናኝተዋል። ልብ በሉ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ምሥራቅና ምዕራብን በአንድ እልፍኝ አስቀምጧል። ይህን ሥራ ለማቅረብ ኮቶ ተጫዋች መፈለግ ስላለበት ወጪው ከበድ ይላል። ቢሆንም በዝርዝራችሁ ያዙት።

አዲስ ሥራ ስናስጽፍ

በዴን ሃግ፣ በአምስተርዳምና በሮተርዳም የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ከየዓለሙ የመጡ ወጣት ደራሲዎች ሞልተዋል። በ1826 የተመሠረተው የዴን ሃግ የንጉሣዊው ኮንሰርቫቶሪ ቅንብርን ለሚማሩ ወጣቶች ትልቅ ስም ያለው ነው። ከእነዚህ መካከል ከሐበሻ ወላጆች የተወለዱ ልጆችም ሊገኙ ይችላሉ፤ ባይገኙም የኛን መሣሪያ ለመማር ልባቸው የተከፈተ ሌሎች አሉ።

ለደራሲው የምንጽፈው ደብዳቤ አጭርና ግልጽ ይሁን። ስንት ደቂቃ፣ ለየትኞቹ መሣሪያዎች፣ ኖታው መቼ ይድረስ፣ ክፍያው ስንት ነው፣ ስንት ልምምድ አለ። ከዚያ ቀጥሎ ብዙዎቻችን «ኢትዮጵያዊነት ይኑረው» የሚል መስመር መጨመር እንወዳለን። እኔ አልጨምርም። አንድ ጊዜ አንዲት እዚሁ ተወልዳ ያደገች ወጣት ደራሲ «ትዝታ ቅኝት ካልተጠቀምሽ አንቺን ለምን እንጋብዛለን?» ተብላ ስትጠየቅ ሰምቼ፣ «ሆላንዳዊውን ጓደኛዬን በሕዝብ ዘፈን ካልሠራህ ትሉታላችሁ?» ስትል መለሰች። የምትመለስ ጥያቄ አልነበረችም። ልጆቻችንን የኛ ናፍቆት ተርጓሚዎች ብቻ አድርገን ከያዝናቸው ሸሽተውን ይሄዳሉ። አዲስ ሥራ ማስጻፍ ማለት መልሱን ሳያውቁ መጠየቅ ማለት ነው።

ነገር ግን ነጻነት መስጠትና ዕውቀት መንፈግ ይለያያሉ። ደራሲው ለበገና ወይም ለክራር የሚጽፍ ከሆነ መሣሪያውን ከነባለሙያው ፊቱ አምጥቶ ማስቀመጥ የአዘጋጁ ግዴታ ነው። በኮንሰርቫቶሪ የማይነገሩ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ በገና 10 አውታር ቢኖረውም ሁሉም አይመቱም፤ ከፊሎቹ የጣት ማረፊያ ናቸው። ደራሲው 10 ድምፅ አገኘሁ ብሎ ከጻፈ ኖታው አይጫወትም። በእጁ ያለው የአንድ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው።

ሁለተኛ፣ ቅኝቶቻችን እርስ በርስ በጣም ይለያያሉ። ትዝታ ሙሉው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ለአውሮፓ ጆሮ የዋህ ይመስላል። አንቺሆዬ ግን ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ስለሆነ ከዘመናዊ ደራሲዎች ሻካራ ድምፅ ጋር ወዲያው ይግባባል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሸጋገር ክራሩ እንደገና መቃኘት አለበት፣ ይህም በመድረክ ላይ ጊዜ ይወስዳል።

ሦስተኛ፣ የባህል መሣሪያ ቅኝት ከፒያኖ ጋር በትክክል አይገጥምም። ፒያኖ አንዴ ከተቃኘ እንደ ግንብ ነው፣ አይነቃነቅም። ቫዮሊንና ቼሎ ግን ጣታቸውን ጥቂት አንሸራትተው በገናውን ሊከተሉ ይችላሉ። ስለዚህ በኛ ምሽቶች ፒያኖና በገና በአንድ ጊዜ አይጫወቱም።

እንዲህ ያለውን ጋብቻ በዚህ ሀገር ቀድሞ የሞከረ ሰው አለ። አምስተርዳማዊው ዮኤል ቦንስ በ2002 የመሠረተው «አትላስ አንሳምብል» የእስያንና የአውሮፓን መሣሪያዎች በአንድ መድረክ አሰባስቧል። ለቼሎና ለእነዚሁ መሣሪያዎች የጻፈው «ኖማደን» በ2019 ታላቁን የግራውማየር ሽልማት አግኝቷል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የባህል መሣሪያው እንግዳ ሳይሆን የቤቱ ባለድርሻ ሲሆን ሥራው ይጸናል።

ቅደም ተከተሉ

ፕሮግራም ማውጣት ግብዣ እንደ ማሰናዳት ነው። ቅመሙ ጥሩ ሆኖ ሳለ የቀረበበት ሰዓት ሊያበላሸው ይችላል። የተለመደው ዘዴ አዲሱን ሥራ በሁለት የታወቁ ሥራዎች መካከል ማስቀመጥ ነው፤ ሰው ለኋለኛው ሲል ይቆያል፣ አዲሱንም ያዳምጣል። አርኖልድ ሾንበርግ ከ1918 እስከ 1921 በቪየና በመሠረተው የአድማጮች ማኅበር ደግሞ አዳዲስ ሥራዎች በተደጋጋሚ ይቀርቡ ነበር፣ ጭብጨባም ክልክል ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አዲስ ነገር በአንድ መስማት አይገባም። አዲሱ ሥራ ከ6 ደቂቃ ካልበለጠ ሁለት ጊዜ ማጫወት እኛም የምንወደው ነገር ነው።

በአምስት ተጫዋቾች፣ ማለትም በሁለት ቫዮሊን፣ በአንድ ቼሎ፣ በአንድ ፒያኖ፣ በገናም ክራርም በሚችል አንድ ባለሙያ የሚሠራ ምሽት ምን ሊመስል እንደሚችል እነሆ፦

1. በገና ብቻውን፣ 6 ደቂቃ
2. አዲስ ሥራ ለቫዮሊንና ለቼሎ፣ ከበገናው ሳይቋረጥ የሚቀጥል፣ 12 ደቂቃ
3. የእማሆይ ጽጌ ማርያም ሁለት የፒያኖ ሥራዎች፣ 9 ደቂቃ
4. ቤላ ባርቶክ ለሁለት ቫዮሊን ከጻፋቸው 44 አጫጭር ሥራዎች የተመረጡ፣ 8 ደቂቃ
5. የጊዮም ደ ማሾ «ሆኬቱስ ዳዊት»፣ 3 ደቂቃ
6. አዲስ ሥራ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቼሎና ለክራር፣ 14 ደቂቃ
7. የግርማ ይፍራሸዋ አንድ የፒያኖ ሥራ፣ 8 ደቂቃ

ድምሩ 60 ደቂቃ ነው። ለመድረክ ማስተካከያና ለአጭር ንግግር 10 ደቂቃ ቢጨመር 70 ደቂቃ ይሆናል፤ ያለ ዕረፍት ሊሄድ ይችላል። በገናው መጀመሪያ የሆነበት ምክንያት ድምፁ ከሁሉም ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው። ከጎላ ድምፅ በኋላ ቢመጣ ጆሮ አይቀበለውም፤ መጀመሪያ ሲመጣ ግን አዳራሹን ሁሉ ወደ ራሱ ልክ ያወርደዋል። ባለ በገናው ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ሥራ ድረስ ከመድረክ ውጪ ሆኖ ክራሩን ለመቃኘት ከግማሽ ሰዓት በላይ ያገኛል። እንዲህ ያለው ስሌት በወረቀት ላይ ካልተሠራ በመድረክ ላይ ያዋርዳል።

አምስተኛው ቁጥር ለምን ገባ? «ሆኬቱስ» አንድ ዜማ በብዙ ሰዎች ተከፋፍሎ፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው እየሞላ የሚሄድበት ዘዴ ነው። ማሾ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ለሦስት ድምፅ ጻፈው። የኛ እምቢልታ ነፊዎችም እያንዳንዳቸው ጥቂት ድምፅ ብቻ ይዘው፣ እየተቀባበሉ አንድ ዜማ የሚያወጡት በዚሁ መንገድ ነው። በዴን ሃግ ያስተማረው ሉዊ አንድሪሰን (1939-2021) ደግሞ በ1976 አምስት አምስት ሆነው ፊት ለፊት ለሚቆሙ ሁለት ቡድኖች «ሆኬቱስ» የተሰኘ ሥራ ጽፏል። የዴን ሃግ አድማጭ ይህን ጨዋታ ያውቀዋል ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥር ስድስት የሚጽፈው ደራሲ የእምቢልታን መቀባበል መነሻ ቢያደርግ፣ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ፣ ከኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት አደባባይና ከ1976ቱ ዴን ሃግ ጋር በአንድ ጊዜ ይነጋገራል። ጥሩ ፕሮግራም ማለት ይህ ነው፤ ሥራዎቹ እርስ በርሳቸው ሲጠያየቁ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። አንድ አዳራሽ ዘንድ ሐሳባችንን ይዘን ስንቀርብ፣ «ክራሩን በዕረፍት ሰዓት ቡና በሚጠጣበት ኮሪደር ብታደርጉትስ?» ተባልን። ሰውየው በክፋት አልተናገረም። እኛም በትሕትና «መድረክ ላይ ካልሆነ አይሆንም» አልን። ሥራችንን ጌጥ አድርገን ካቀረብነው እንደ ጌጥ ይታያል። የፕሮግራሙ መሐልና መደምደሚያ ላይ ካስቀመጥነው እንደ ሥራ ይደመጣል።

የበገናው ጥያቄ

ይህን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በገና ለብዙዎቻችን የጸሎት መሣሪያ ነው፤ በተለይ በዐቢይ ጾም። በትኬት በሚገባበት አዳራሽ፣ ወይን ተጠጥቶ በሚወጣበት ቤት መደርደሩ ትክክል ነው? አንዲት እናት ከምሽቱ በኋላ ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ እንባዬን አስመጣችሁት፤ ግን በገና ይጨበጨብለታል እንዴ?» ብለውኛል። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

መልሴ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው፣ ውሳኔው የአዘጋጁ ሳይሆን የባለ በገናው ነው። ምን እንደሚደረድር፣ መቼ፣ ከምን በፊት እንደሚሆን እርሱ ይወስናል፤ «በጾም ወራት ብቻ» ካለ ቀኑ ለእርሱ ይስተካከላል፤ «አልችልም» ካለም ክራር ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ጭብጨባውን በቅንብር ማስቀረት ይቻላል። ከላይ እንዳያችሁት የበገናው የመጨረሻ ድምፅ ሳይጠፋ ቼሎው ያንኑ ድምፅ ተቀብሎ አዲሱን ሥራ ይጀምራል። ለማጨብጨብ ክፍተት የለም። ጸሎቱ ሳይቋረጥ ሙዚቃው ይቀጥላል። ይህ ያላረካው ሰው ይኖራል፤ ተቃውሞውን አከብራለሁ። ግን መሣሪያው ለልጆቻችን እንዳይሰማ ሆኖ ቢቀር የሚያጎድለው ከዚህ የባሰ ነው ብዬ አምናለሁ።

አዳራሽና ቀን

የአምስተርዳም ኮንሰርትኸባው በ1888 የተከፈተ ሲሆን ትንሹ አዳራሽ 437 መቀመጫ አለው። ለእልፍኝ ሙዚቃ እጅግ የተዋጣለት ነው፤ ለጀማሪ ግን ሩቅ ተራራ ነው። ለአዲስ ሙዚቃ ልባቸው የቀረበው በ2005 በአይ ውኃ ዳር የተከፈተው ሙዚክኸባውና ከእርሱ ጋር የተያያዘው ቢምሃውስ ናቸው። ሮተርዳም በ1940 በቦምብ የጠፋባትን ዱለን በ1966 በአዲስ መልክ ሠርታለች፤ ከትልቁ አዳራሽ ሌላ ለትንንሽ ቡድኖች የሚሆኑ ክፍሎችም አሉት። ዴን ሃግ ደግሞ በ2021 አማሬን ከፍታለች፤ ኮንሰርቫቶሪውም እዚያው ውስጥ ነው። ከጎኑ ያለው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ለበገና ድምፅ ተስማሚ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዘጋጁ ከሆነ ግን ከ80 እስከ 120 ሰው የሚይዝ የሰፈር አዳራሽ ይበቃል። ግማሹ ከተሞላ ትልቅ አዳራሽ ይልቅ ሞልቶ የተረፈ ትንሽ ክፍል ይሻላል።

ቀን ስትመርጡ ሁለት ካሌንደር ጎን ለጎን ዘርጉ። የሆላንድ የሙዚቃ ወቅት ከሴፕቴምበር እስከ ጁን ነው። 27 ኤፕሪል የንጉሡ ቀን ስለሆነ ከተማው ሁሉ መንገድ ላይ ነው። 4 ሜይ የጦርነቱ ሙታን መታሰቢያ ነው፤ ማታ በ20:00 ሁለት ደቂቃ ጸጥታ አለ። በኛ በኩል ሰሙነ ሕማማት፣ ፋሲካ፣ ገናና ጥምቀት አሉ፤ ፋሲካችንም ብዙ ጊዜ ከእነርሱ ይዘገያል።

ገንዘብና ፈቃድ

ለምን ሦስት ከተማ? ስሌቱን እዩት። አምስት ተጫዋች አራት ቀን ተለማምዶ አንድ ምሽት ቢጫወት 25 የሥራ ቀን ይከፈላል። ሦስት ምሽት ቢጫወት 35 ይሆናል። አንዱ ምሽት ከ25 ወደ 12 ገደማ ወረደ ማለት ነው። ከተሞቹ በባቡር ቢበዛ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ስለሆኑ ማደሪያ አያስፈልግም። ከዚህ ይልቅ ትልቁ ጥቅም ለአዲሱ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ምሽት ሥራውን ያስተዋውቃል፣ ሦስተኛው ምሽት ያበስለዋል።

ለደራሲ ክፍያ በዴን ሃግ የሚገኘው የመድረክ ጥበባት ፈንድ የትእዛዝ ድጋፍ ይሰጣል፤ ከተሞቹም የየራሳቸው የባህል በጀት አላቸው። ማመልከቻው ከምሽቱ ከብዙ ወራት በፊት መግባት ስላለበት፣ ከአዳራሹ ጋር የሚደረገው ስምምነት ይቀድማል። በሆላንድ ሕግ የአንድ ደራሲ መብት ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይጠበቃል፤ በአደባባይ ለሚቀርብ ሥራ የሚከፈለው ክፍያ ቡማ በተሰኘው ድርጅት በኩል ይሰበሰባል። የኛ ደራሲዎች ወይም ወራሾች በዚያ መዝገብ ባይኖሩ እንኳ በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ፤ የሚገባቸውንም ክፈሉ። ፎቶ ኮፒ በተደረገ ኖታ «የወገን ሥራ ነው» ብሎ መጫወት ወገንን መበደል ነው።

ታዳሚው

የሆላንድ ኮንሰርት ብዙ ጊዜ በ20:15 ይጀምራል፣ በሩም ይዘጋል። የሐበሻ ቀጠሮ እዚህ አይሠራም። እኛ በአማርኛው ማስታወቂያ ላይ «በር የሚከፈተው 19:15፣ ቡና አለ» ብለን እንጽፋለን፤ ቡናው ከማሳሰቢያው ይበልጥ ሰው ያመጣል። የፕሮግራሙ ወረቀት በአማርኛም በሆላንድኛም ይሁን፤ ስለ እያንዳንዱ ሥራ አራት አምስት መስመር፣ ምን መስማት እንዳለብን የሚጠቁም ይበቃል። «ይህ ቼሎ የበገናውን የመጨረሻ ድምፅ ተቀብሎ ይጀምራል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ስለ ደራሲው ሽልማቶች ከሚዘረዝር ገጽ የበለጠ ያግዛል።

ልጆችን አምጡ። አዲስ ሥራ ላይ ከአዋቂዎቹ ይልቅ እነርሱ ይበረታሉ፤ እንዴት መሆን እንደነበረበት አስቀድመው አያውቁምና። ከሁሉም በላይ ደግሞ ደራሲው መጨረሻ ላይ ከመድረክ ወርዶ ከሰው ጋር ቡና ይጠጣ። «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻል።

ሙዚቃችን በዚህ ሀገር በሌሊት ጭፈራና በድሮ ሸክላ ብቻ እንዳይታወቅ ከፈለግን፣ ሥራ እየተጻፈ፣ እየተለማመደ፣ በሰው ፊት እየቀረበ መሄድ አለበት። ለዚህ አምስት ተጫዋች፣ አንድ ደራሲ፣ አንድ መቶ ወንበርና ቢያንስ አንድ ዓመት ትዕግሥት ይበቃል። በከተማችሁ የምትጀምሩ ካላችሁ በርቱ፤ ለመጀመሪያው ደብዳቤ የምትቀመጡበትን ቀን ዛሬ ቁረጡ። ቸር ይግጠመን።